ኖራ

ስሜ አንጓች ነው፤ የታመምኩትም አንጓ፤
እናቴ ይህን ስም ስታወጣ ምን ታያት በአራስ አልጋ?

ጣቶቼ ሲነጋ አይነጉም።
ጎሃ ላይ ፀሐይዋ ወጥታ፣ የአራዳ ሱቅ ተከፍቶ፣
የአዘዞው ሚኒባስ ረዳት ጮሆ ጮሆ ጉሮሮው ተዘግቶ፣
እነሱ ገና ሌሊት ናቸው፤
አንዲት የሹራብ ቁልፍ ናት የምታሸንፋቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት ኖራ አቡክቻለሁ።
ከግንቡ ሥር፣ ከጉድጓዱ ዳር፣ በአካፋ አገላብጫለሁ፤
ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጠም መሐሉን እኔ ሞልቻለሁ።
"ሲሚንቶ እንዳታስነኩ" ይለን ነበር ጋሽ ደምለው፣
"ሲሚንቶ ደረቅ ነው፣ ግትር፤ ድንጋዩን ነው የሚሰነጥቀው።
ኖራ ግን እሺ ይላል፤
ይተነፍሳል፤ ይጠብቃል።"

ቁርጥማቱ የመጣ ሰሞን፣ ብርድ ነው አልን፣ የኖራው እርጥበት፤
ዝንጅብል ጠጣሁ፣ በቅቤ ታሸሁ፣ ሰባት ቀን ከረምኩ ፀበል ቤት።
ኋላ ሆስፒታሉ ስሙን ነገረኝ፤
የገዛ ወታደሬ ነው አሉ፣ በር ሰብሮ የወረረኝ።
ፕሬድኒሶሎን ሰጡኝ፣ ትንሽ ክኒን፣ የጤፍ ታላቅ እህት፤
እሳቱ በሳምንት ጠፋ፤ እንደ ልጅ ሮጥኩ በዳገት።
ሰው "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" ሲለኝ፣ እኔም ፊቴን አምኜ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጥኳት፣
ቀጠሮዬን ጥዬ፣ ከፋርማሲ ለምኜ።

ባለፈው ጥር፣ የአምስት ሊትር ጀሪካን ሳነሳ፣
ቋ!
አለ የእጄ አንጓ።
መውደቅ የለ፣ መመታት የለ፤
እንደ ደረቅ የጌሾ እንጨት።

ዶክተር ምንይችል ራጁን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ፣
"ይኸውልሽ" አለኝ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ነክቶ።
አየሁት። ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም፤
ሠላሳ ክረምት ያጠበው ግንብ ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም?
ድንጋዩ ቆሟል፣ ቅርጹ አለ፣
መሐሉ ግን ኖራው ታጥቦ፣ ወንፊት መስሎ ተንጠለጠለ።

"በሽታውም ይበላዋል፣ መድኃኒቱም፣ መቀመጡም፤
ሦስት አይጥ በአንድ ጎተራ።"
"እንግዲያ ይቅርብኝ፣ ልጣላት ክኒኗን!" ብዬ ሳቅራራ፣
ደኅናውን እጄን ያዘኝ፦ "አንቺ የግንብ ሰው፣
ርብራብ በአንድ ሌሊት ይነሳል?
ቀስ በቀስ ነው፣ እኛ እያየነው፤ አለዚያ ሁሉም ይናዳል።"

ካልሲየም ሰጠኝ፣ እንደ ጠመኔ የሚደርቅ ምላስ ላይ፤
"በየቀኑ እርምጃ" አለኝ፣ "ክንድሽን ገልጠሽ ለፀሐይ።"
ክኒኑን ስነክሰው ሳቅሁ። ኖራ እኮ ነው! የማውቀው ሽታ፣ የማውቀው ድርቀት፤
ለግንቡ ያጎረስኩትን ጉርሻ፣
ግንቡ መለሰልኝ በመድኃኒት።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ክንዴ በጀሶ፣ ቅጥሩን እዞራለሁ፤
(ጀሶም የኖራ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ተሸክሜ እሄዳለሁ።)
ራስ ግንብ ጋ አንዲት ልጅ አለች፣ ሙሉጎጃም የሚሏት፤
"እትዬ፣ መቼ ነው የሚጠነክረው?" አለችኝ፣ ኖራ ግንባሯን ነቁጧት።
"አትቸኩይ። ውሃ አርከፍክፊበት፣ ጥላ አልብሺው፤
ዛሬ እርጎ ነው፤ ለልጅሽ ልጅ ነው ድንጋይ የሚሆነው።"
ብዬ አለፍኩ። ተመለስኩ ደግሞ።
"ጓንትሽስ? ጣት የሚያምር ሳለ ነው" አልኳት፣ ድምፄ ትንሽ ተቆጥቶ፣ ትንሽ ታሞ።

አንድ ቀን ይህን መጋጠሚያ ማን ሞላው የሚል ሰው ቢመጣ፣
ስሜን ፍለጋ አትድከሙ፣ ከመዝገብም አይወጣ፤
"ኖራ ነው" በሉት፣ በቃ።
ግማሹን ስለ ግንቡ ይስማው፣ ግማሹን ስለ እኔ።

ለጊዜው ግን ቁርሴን ልብላ፤
ክኒኗ ባዶ ሆድ አትወድም።